ለዳማ የሚሆን ሽጉጥ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ አሉኝ። ለሽጉጥ።

የግዢ መመሪያው ለዕቃ ሁሉ አንድ ነው። ለወረቀትም፣ ለወንበርም፣ ለሽጉጥም ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ ይሰበሰባል። ሮቤ ውስጥ ማኅተም ያለው የሽጉጥ ነጋዴ የለም። ማኅተም የሌላቸው አሉ ይባላል። ይህን ለግዢ ሠራተኛው ብነግረው "እነሱ ደረሰኝ አይሰጡም" አለኝ፤ ጥፋታቸው ይኸው ብቻ የሆነ ይመስል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ነው። ክሊኒካችን ውስጥ የማይድን ፈረስ ሳይሰቃይ የሚሰናበትበት መድኃኒት መምጣት ካቆመ ቆይቷል። የእንስሳት ሐኪሟ እኔ ስለሆንኩ ደብዳቤውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ፦ "በትክክል ለመተኮስ የሚያስችል አንድ ሽጉጥ እንዲፈቀድልን"። "በትክክል" የምትለዋን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። አንድ ኮሚቴ የተቋቋመው በእሷ ምክንያት ነው። ኮሚቴው እስካሁን ምን ዓይነት ሽጉጥ፣ በምን ካሊበር፣ ማለትም በምን ያህል የጥይት ውፍረት፣ የሚለውን "በማጥናት ላይ" ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ከድር መጣ። ከመናኸሪያው እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ጋሪ የሚነዳው ከድር። ባጃጅ ከተማውን ከያዘ ወዲህ ከቀሩት ጥቂት ጋሪዎች አንዱ የእሱ ነው። ፈረሱን፣ ዳማን፣ አራት ሰዎች ከግራና ከቀኝ እየደገፉ በሦስት እግሩ አስገቡት። የጋሪው ጎማ ለቦይ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጋሪውና ፈረሱ አብረው ወድቀዋል። የግራ የፊት እግሩ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አይድንም፤ ለከድር ስነግረው እሱም ያውቅ ነበር።

"ዶክተር፣ ሽጉጥ ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። በአንድ ጊዜ ነው አሉ።"

"በአንድ ጊዜ ነው። ሲመጣ።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"ነገ ስብሰባ አለን" አልኩት። ስብሰባ መልስ መስሎት አመስግኖኝ ሄደ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ኮሚቴው ተቀመጠ። ምልዓተ ጉባኤው የሞላው የፋይናንሱ ሰው በር ላይ ቆሞ ስልክ እያናገረ ስለተቆጠረ ነው።

ስለ ካሊበር አርባ ደቂቃ። ፋይናንስ፦ ትልቁ ይሻላል፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሕግ፦ ትንሹ ይሻላል፣ ተጠያቂነቱም ያንሳል። የሴቶች ጉዳይ ተወካይዋ፦ ተኳሿ ሴት መሆኗ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይግባ። አቶ ግርማ፣ ኃላፊያችን፦ "በትክክል የሚለው በምን ይረጋገጣል?" አንዱ ፖሊሶች በሃያ አምስት ሜትር ነው የሚፈተኑት አለ። ሃያ አምስት ሜትር ተባለ።

እጄን አውጥቼ ፈረስ በሃያ አምስት ሜትር እንደማይተኮስ አስረዳሁ። ርቀቱ አንድ ስንዝር ነው፤ ልጓሙን ይዤ ነው የምቆመው። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው እንዲህ ነው፦ "ርቀትን በተመለከተ የተለያዩ ሐሳቦች ተንሸራሽረዋል።"

የተወሰነው፦ ፕሮፎርማው ይቅርና ፖሊስ በኤግዚቢትነት ከያዛቸው ሽጉጦች አንዱን እንዲያዛውርልን ይጠየቅ። ይህ ድል ነው። ከዚያ አቶ ግርማ "ልዩ ልዩ" ላይ የሚመጣው ዓርብ ከበላይ የግምገማ ቡድን እንደሚመጣ አስታወሰን። ፈረሱ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ከግቢ ይውጣ።

"የት ይሂድ?" አልኩ።

የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ አገር ሥራ ያበቃ ፈረስ "ይለቀቃል"፤ ቃሉ ይኸው ነው። ልጆችህን ያበላ ፈረስ በእጅህ መግደል ግፍ ነው። ስለዚህ ከከተማው ዳር ትወስደዋለህ፣ ልጓሙን ትፈታለህ፣ ዞረህ ሳታይ ትመለሳለህ። የቀረው የጅብ ሥራ ነው። በዚህ ጉዳይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ናቸው፤ ተከራክረው አያውቁም።

ያለኝ፦
ማስታገሻ፣ ከቆጠብኩ እስከ ረቡዕ።
ማደንዘዣ፣ አንዲት ፍየል የሚያስተኛ።
ገለባ፣ እንደልብ።
ሽጉጥ፣ በደብዳቤ ደረጃ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ከድር ገብስ በፌስታል ይዞ መጣ። ዳማ ከእጁ በላ። እግሩን በእንጨት አስሬዋለሁ፤ ለመዳን ሳይሆን አጥንቱ እንዳይፋጭ። ሲቆም ይንቀጠቀጣል። ውርጩ እስከ ሦስት ሰዓት ሣሩ ላይ ስለሚቆይ ብርድ ልብስ ደርቤለታለሁ። የራሴን።

እንደ ሌላው ሰው ለምን እንዳልለቀቀው ጠየቅኩት። ጥያቄው ባይጠየቅ ይሻል ነበር።

"ሁለት ለቅቄያለሁ" አለኝ። "የመጀመሪያው ሄደ። ሁለተኛው ተመለሰ።"

"ተመለሰ ማለት?"

"ጠዋት በር ስከፍት ቆሟል። ኋላው ተበልቷል፣ ዶክተር። ይኼ ሁሉ የለም።" በእጁ የራሱን ጭን አሳየኝ። "እኔን ሲያይ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ጋሪውን ልጭንበት መስሎት። ወላሂ፣ ለሥራ ነው የመጣው።"

ዳማን ለዋራቤሳ አልሰጥም አለ፤ ጅቡን በኦሮምኛ ነው የሚጠራው። ጎረቤቶቹ ፈረሱን ለመንግሥት ሊያስገድል ወሰደው እያሉ ሰላምታ እንደነፈጉትም ነገረኝ። ቅሬታ አልነበረውም፤ የአየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው የነገረኝ።

"አንድ ጊዜ ነው፣ አይደል?"

"አንድ ጊዜ ነው።"

በእጄ ሽጉጥ ይዤ አላውቅም። ይህንን አልነገርኩትም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ከቅዳሴ መልስ ስለ ሽጉጥ የተጻፈ የፈረንጅ መጽሐፍ ስልኬ ላይ አነበብኩ። ለጀማሪ ነው። የመጀመሪያውን ሽጉጥ ለሚመርጥ ሰው የሚሰጠው ምክር ባጭሩ፦ ከእጅህ ጋር የሚስማማውን ምረጥ፤ ከመወሰንህ በፊት ብዙ ዓይነት ተኩሰህ ሞክር፤ ድንጋጤው እጅህን እንዳያበላሸው ከትንሽ ካሊበር ጀምር፤ ጥይቱ በቀላሉ የሚገኝ ይሁን፤ አትቸኩል።

ምክሩ ጥሩ ነው። ሰውየው ግን ሮቤን አያውቃትም።

ዳማ ዛሬ ውሃ በደንብ አልጠጣም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ጎባ። በሚኒባስ፣ ለፖሊስ የተጻፈውን ደብዳቤ በፕላስቲክ ክላሰር ይዤ። የጦር መሣሪያ መጋዘኑን የያዙት ሃምሳ አለቃ ታደለ ናቸው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው ጎባ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን ከአማርኛው ይልቅ ኦሮምኛው ይቀናቸዋል፤ በኦሮምኛ ይቆጣሉ፣ በአማርኛ ይፈርማሉ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለፈረስ ነው?"

"ለፈረስ ነው።"

"በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም። ተቀመጪ እስቲ።"

ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ሦስት ሽጉጥ ደረደሩ። በእያንዳንዳቸው ላይ የመዝገብ ቁጥር በክር ታስሯል። እንደ ጫማ ገዢ አንድ በአንድ ሞከርኩ።

አንደኛዋ ትንሽ ናት፣ ሰባት ነጥብ ስልሳ አምስት። እጄ ላይ ልክ ተቀመጠች፤ ምላጯም ለስላሳ ነው። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ እሷ ነበር። "ይቺን" አልኩ።

"ጎበዝ፣ ዓይን አለሽ። ጥይት የላትም።"

"የት ይገኛል?"

"እግዜር ያውቃል። እኔ ከያዝኳት ጀምሮ ባዶዋን ናት።"

ሁለተኛው ዘጠኝ ሚሊ፣ ረጅም፣ ከባድ፣ የሹም ሽጉጥ የሚመስል። መጋዘኑ ውስጥ የዘጠኝ ጥይት አለ ሲባል ደስ አለኝ። ሃምሳ አለቃ ሁለት ጥይት አጠገብ ለአጠገብ አቆሙልኝ። አንዱ ከሌላው በጥፍር ያህል ያጥራል።

"ዘጠኝ ሁሉ አንድ አይደለም። ይኼኛው ሽጉጥ ረጅሙን ነው የሚበላ። ያለን አጭሩ ነው።"

ኮሚቴው አርባ ደቂቃ ስለ ካሊበር ሲከራከር ዘጠኝ ሁለት ዓይነት መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ሦስተኛው አሮጌ የራሽያ ሥሪት ነው። ከእህል ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ፤ እጀታው በናስትሮ ተጠቅልሏል፣ ምላጩ እንደ ዛገ በር ይከብዳል። አጭሩን ዘጠኝ ይበላል።

"እዚህ አገር ሰው ሽጉጥ አይመርጥም፣ ዶክተር" አሉኝ። "ጥይቱ ነው የሚመርጥልሽ።"

ምርጫዬን በሦስት ቅጂ ሞልቼ ፈረምኩ። "የተመረጠበት ምክንያት" የሚል ክፍት ቦታ ነበረው። "ተስማሚ ሆኖ በመገኘቱ" ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

እንደገና ጎባ፣ የፖሊሶቹ መለማመጃ ሜዳ። ኮሚቴው የእኔ ብቃት በሃያ አምስት ሜትር እንዲረጋገጥ ስለጠየቀ አምስት ጥይት ተፈቀደልኝ።

ከዚያ በፊት ግን ሃምሳ አለቃ አንድ ሰዓት ሙሉ በባዶው አለማመዱኝ። አፈ ሙዙ ጫፍ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጡ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን መሳብ አለብኝ። ወደቀ። ወደቀ። ወደቀ። ከጥጉ የቆሙ ሁለት ፖሊሶች መቁጠር ጀምረው ሰለቻቸው።

"ምላጩን አትጎትቺው። ጭመቂው። ወተት ስታልቢ እንደምትጨምቂው።"

"ላም አልቤ አላውቅም፣ ሃምሳ አለቃ።"

"የከብት ሐኪም አይደለሽ እንዴ?"

"የማክመው የታመመችውን ነው።"

በሃያ ሁለተኛው ሙከራ ሳንቲሙ ቆመ። በሕይወቴ ካገኘኋቸው ትንንሽ ድሎች አንዱ ነው፤ ማንም ግን አላየም፣ እሳቸውም ስልክ ላይ ነበሩ።

ከዚያ አምስቱ ጥይት። አራቱ ሰሌዳውን አላገኙትም። አምስተኛው የሰሌዳውን እግር ሰበረ።

ሃምሳ አለቃ ሰሌዳውን አንስተው ቀና ሊያደርጉት ሞከሩ፤ አልቆም አለ። "አሁን ፈረሱ ከምን ያህል ርቀት ነው የሚቆመው?"

በስንዝሬ አሳየኋቸው።

ረጅም ጊዜ ስንዝሬን አዩት። "ታዲያ ሃያ አምስት ሜትር ምን ያደርግልሻል?"

"ለኮሚቴው ነው።"

የሽሮ ፍትፍት ጋበዙኝ፤ ሁለታችንም ጾመኞች ነን። ሲበሉ ልጅ ሳሉ አባታቸው ዲንሾ አጠገብ ፈረስ ያረቡ እንደነበር ነገሩኝ። ስለ ፈረሶቹ ምንም አልጨመሩም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ፈቃዱ ደረሰ። በስምንት ሰዓት በፋክስ፣ ማኅተሙ ጥቁር ድቡልቡል ሆኖ። ከደስታዬ ብዛት ቆሜ አነበብኩት።

ሽጉጡን እንዲይዝ የተፈቀደለት ጽሕፈት ቤቱ ነው። በጽሕፈት ቤቱ ስም። የእኔ ስም የለም፤ የማንም ሰው ስም የለም። የሕግ ባለሙያችን በጣቱ እየተከተለ አነበበና "ጽሕፈት ቤቱ የሕግ ሰውነት አለው፣ ችግር የለውም" አለ። የሕግ ሰውነት አለው። ጣት የለውም። ማን እንደሚተኩስ የሚወስን የውክልና ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ለደብዳቤው ኮሚቴው መቀመጥ አለበት፤ ኮሚቴው ከግምገማው በፊት አይቀመጥም።

አቶ ግርማ ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ፈረሱን ላለማየት ከሰኞ ጀምሮ በጀርባ በር ነው የሚገባው። ጥቂት ቀን ጨምርልኝ አልኩት።

"ቡድኑ መጥቶ ግቢ ውስጥ በሦስት እግሩ የቆመ ፈረስ ቢያይ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?"

"ሽጉጥ እየጠበቀ ነው በል።"

"ዶክተር፣ እኔም የገጠር ልጅ ነኝ" አለኝ፣ ወረቀቶቹን እያስተካከለ። "ነገ ስድስት ሰዓት።"

የመጨረሻውን ማስታገሻ አሥር ሰዓት ላይ ወጋሁት። ከድር አንገቱን ይዞልኝ ነበር። ምንም ሳልነግረው ፊቴን አይቶ ገባው። "ነገ ልወስደው ነው?" አለ። መርፌውን ማጠብ ጀመርኩ፤ የሚጣል መርፌ ነው።

ለሃምሳ አለቃ ደውዬ ፈቃዱ ምን እንደሚል፣ ፈረሱም ነገ ከግቢ እንደሚወጣ ነገርኳቸው። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም፤ ምናልባት የሚስቅ ሰው ፈልጌ ነው። አልሳቁም። "ነገ ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?" ብለው ዘጉት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሃምሳ አለቃ ታደለ ሙሉ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ የብረት ሳጥን ይዘው ከሚኒባስ ወረዱ። ሳጥኑ ላይ ቅጽ አለ። "የሙከራ ተኩስ" ይላል።

"ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚዛወር መሣሪያ ከመሰጠቱ በፊት ይሞከራል። ይኼ ያንቺም የኮሚቴሽም ሥራ አይደለም፣ የእኔ ነው። የት እንደምሞክረው የሚለኝም የለም።" ዙሪያውን አዩ። "እዚህ ጥሩ ነው።"

ከክሊኒኩ ጀርባ ወሰድናቸው፣ የአፈር ግድግዳው ጋ። ሥራ ላይ ያሉትን ሁሉ ከግቢው አስወጣሁ። ከድር ዳማን ያመጣው አሥር እርምጃ በአሥር ደቂቃ ነው። በጠመኔ ግንባሩ ላይ ምልክት አደረግኩ። ከድር ገብስ ከእጁ አበላው። ከዚያ ጆሮው ላይ በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገረው። ሰምቼዋለሁ፣ ገብቶኛልም፤ እዚህ አልጽፈውም።

ሃምሳ አለቃ ሽጉጡን አጎረሱ፣ ተጠጉ፣ እጃቸውን አነሱ። ዳማ አንገቱን ዘርግቶ እጅጌያቸውን አሸተተ።

ቆሙ። እጃቸውን አወረዱ።

"አልችልም" አሉኝ በቀስታ፣ እንደ ተራ ነገር። "ሌላ ነገር ቢሆን እችል ነበር።" ሽጉጡን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ፤ ለታላቅ ሰው ነው እንዲያ የሚሰጠው።

ልጓሙን ከከድር ተቀበልኩ፤ መልሶ ሊወስድ ሲል አልሰጠሁትም። "ራቅ በል፣ ዞር በል" አልኩት። ራቀ። አልዞረም።

ምላጩ ከባድ ነበር። ጨመቅኩት።

አንድ ጊዜ ነበር። ከድምፁ በፊት ነው የወደቀው ማለት ይቻላል። ዓይኑን ነካሁ፣ ልቡን አዳመጥኩ፣ ሰዓቴን አየሁ፤ እንደ ሐኪም ማድረግ ያለብኝን ሁሉ አደረግኩ። ከዚያ የአፈሩ ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ።

ሃምሳ አለቃ ሳጥኑ ላይ ተደግፈው ቅጹን ሞሉ። ጥይት፦ አንድ። ርቀት፦ አንድ ስንዝር። ውጤት፦ ኢላማውን መትቷል። ተኳሽ የሚለው ላይ የራሳቸውን ስም ጻፉ። እኔም አላረምኳቸውም። ሽጉጡን ጠርገው፣ ቆልፈው፣ የውክልናው ደብዳቤ ሲያልቅ ጠይቂን ብለው በስድስት ሰዓት ሚኒባስ ወደ ጎባ ተመለሱ።

ከድር ልጓሙን ፈትቶ በክንዱ ጠቀለለ። አልተሰናበተኝም። አላመሰገነኝም፣ አልረገመኝም፤ በር ላይ እንኳ ቆም አላለም። ከሰዓት ሙሉ ያንን ጀርባውን ሳስብ ዋልኩ። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

የግምገማ ቡድኑ መጣ። የግቢውን ንጽሕና አደነቀ። ዳማ የተቀበረበትን የአፈሩን ግድግዳ ሥር አላየም፣ ፋይሎቻችንን አየ። አቶ ግርማ ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ቆም ብሎ "ሙከራው እንዴት ነበር?" አለኝ። "አለፈ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ዛሬ የገባው በፊት በር ነው።

ከድር አልመጣም። ሊመጣ የሚችልበት ምክንያትም የለም፤ ግን ስምንት ሰዓት ላይ የበሩ ብረት ሲንኳኳ እሱ መስሎኝ ነበር የወጣሁት።

የማላውቀው ሰው ነው። ሌላ የጋሪ ነጂ፣ ሽበት ያለው። ከኋላው ነጭ ፈረስ ቆሟል፤ ከሰኮናው እስከ ደረቱ በቁስል የተበላ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ። ላክመው እንደማልችል ከበር ሆኜ አየሁት።

"አካም ጅርታ፣ ዶክተር። ከድር ነው የላከኝ" አለ ሰውዬው። "እሷ ጋ ውሰደው፣ አልተሰቃየም አለኝ። ለኛ ሰፈር ሁሉ ነው የነገረው። ሌሎችም አሉ፣ ይመጣሉ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል፤ ግን ሽጉጡ ጎባ ተቆልፎበታል፣ ውክልናው አልተጻፈም፣ ማስታገሻ ትናንትና ሳይሆን ከትናንት ወዲያ አልቋል።

"ዛሬ ይሆናል?" አለኝ።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት። "አስገባው" አልኩ፤ "ውሃ ይጠጣ መጀመሪያ።"